«የየትኛው ወገን ነሽ?» በሁለት ዘርና በሁለት ሃይማኖት መካከል ማደግ

ሐምሌ 2024 ላይ ዶናልድ ትራምፕ ቺካጎ ውስጥ የጥቁር ጋዜጠኞች ማኅበር ባዘጋጀው መድረክ ላይ ተቀምጠው ስለ ተፎካካሪያቸው ካማላ ሃሪስ ተጠየቁ። ሴትዮዋ ድሮ ሕንዳዊ ነኝ ትል ነበር፣ ጥቁር የሆነችው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው የሚል መልስ ሰጡ። አዳራሹ ተንጫጫ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሃሪስ ነገር የተደበቀ አልነበረም። እናታቸው ከደቡብ ሕንድ የሄዱ የካንሰር ተመራማሪ ነበሩ። አባታቸው ከጃማይካ የሄዱ የኢኮኖሚክስ ምሁር። ሃሪስና እህታቸው በልጅነታቸው የሂንዱ ቤተ መቅደስም ሄደዋል፣ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥም ቆመዋል። ካደጉ በኋላ ባፕቲስት ሆኑ። ያገቡት ደግሞ አይሁዳዊ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ ትራምፕ በአንድ ጥያቄ ጠቀለሉት፤ ሕንድ ናት ወይስ ጥቁር?

የምርጫ ሰሞን ተንኮል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን በሁለት ዘር መካከል የተወለደ ሰው ይህን ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ይጠየቃል። ታክሲ ውስጥ ይጠየቃል። ቅጽ ሲሞላ፣ ከወደፊት አማቾቹ ጋር ሲተዋወቅ ይጠየቃል። ወላጆቹ የተለያየ ሃይማኖት ካላቸው ደግሞ ጥያቄው በእጥፍ ይመጣል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። መልክ፣ ሃይማኖትና ባህል አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ሰው ሁሉን እንደ አንድ ጉዳይ ያየዋል። «ማንነት» ይልና ይዘጋዋል። ወሳኞቹ ግን ለየቅል ናቸው። መልክህ ምን እንደሆነ የሚወስነው የሚያይህ ሰው ነው። ሃይማኖትህን መጀመሪያ ወላጅና ሕግ ይወስኑታል፣ በኋላ አንተ ትደርስበታለህ። ባህልህን የሚሰጥህ ደግሞ ቀኑን አብሮህ የሚውለው ሰው ነው። ብዙው የቤተሰብ ጣጣ የሚጀምረው አንዱን በሌላው ደንብ ለመፍታት ሲሞከር ነው።

መልክ የተመልካች ነው

ሳንድራ ሌይንግ በ1955 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተወለደች። አባቷም እናቷም ነጮች ነበሩ። ያውም የአፓርታይዱን ፓርቲ የሚደግፉ። ልጅቷ ግን ቆዳዋ ጠየም፣ ፀጉሯ ከርደድ ብሎ ወጣ። ነጮች ብቻ የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። የሌሎች ልጆች ወላጆች አጉረመረሙ። በ1966፣ ገና የ10 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ፖሊሶች መጥተው ወደ ቤቷ መለሷት። መንግሥትም በመዝገቡ ላይ «ነጭ» የሚለውን ሰርዞ «ክልስ» አደረጋት።

አባቷ ተሟገተ። በ1967 ሕጉ ተሻሻለና ከመልክ ይልቅ የወላጅ ዘር ክብደት ሲሰጠው ተመልሳ ነጭ ሆነች። ወረቀት ላይ። ነጮቹ ግን አላቀረቧትም። በ15 ዓመቷ ከአንድ ጥቁር ሰው ጋር ከቤት ጠፋች፣ አባቷም ካዳት። በኋላ ከልጆቿ ጋር በሕግ መኖር እንድትችል ራሷ አመልክታ እንደገና «ክልስ» ልትባል ጠየቀች።

የዚህን ታሪክ ጭካኔ ለጊዜው ወደ ጎን ተዉትና አሠራሩን ብቻ ተመልከቱ። ሃይማኖቷ ከወላጆቿ ጋር አንድ ነው። ቋንቋዋ አንድ ነው። ደሟም የእነሱ ነው። የተለየው የሚያያት ሰው ዓይን ብቻ ነው፣ እሱም ሁሉን ነገር ለመገልበጥ በቃ። የ1950ው የደቡብ አፍሪካ የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ራሱ ነጭን ሲተረጉም ሲታይ ነጭ የሚመስል ወይም በአካባቢው እንደ ነጭ የተቆጠረ ሰው ነው ይል ነበር። አጠራጣሪ ሲሆን ፀጉር ውስጥ እርሳስ ይሰካ ነበር። እርሳሱ ከወደቀ ነጭ፣ ተይዞ ከቀረ ሌላ።

እርሳሱ ቀርቷል። ዓይኑ ግን አለ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2015 ባወጣው ሰፊ ጥናት፣ ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው ከተለያየ ዘር የሆኑ አዋቂዎችን ሲጠይቅ 61 ከመቶ የሚሆኑት ራሳቸውን ክልስ ብለው አይጠሩም። ለምን ሲባሉ ግማሽ ያህሉ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ መልኬ አንዱን ስለሚመስል። ባራክ ኦባማ ካንሳስ በተወለደች ነጭ እናት ያደጉ ናቸው። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ግን ከአንድ በላይ መምረጥ እየቻሉ «ጥቁር» የሚለውን ብቻ ነው ምልክት ያደረጉት። አንዳንዱ እናቱን ካደ ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን ሐቁን የጻፉ ይመስለኛል። ጥቁር ሰው ታክሲ ለማስቆም እጁን ሲያነሣ የሚታለፈው፣ ሹፌሩ ስለ እናቱ ትውልድ ከተማ ጠይቆት አይደለም።

እዚህ ላይ ወንድምና እህት የሚባል ትልቅ ጉዳይ አለ፣ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የወጡ ልጆች አንዱ ቀላ፣ ሌላው ጠቆር ብሎ ሊወጣ ይችላል። መንትዮች እንኳ እንዲህ ሆነው ተወልደዋል። አሁን ሁለት እህትማማቾች አብረው ሱቅ ገቡ እንበል። ጥበቃው ታላቋን አያያትም። ታናሿን ግን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይከተላታል። ማታ ቤት ገብተው ሲያወሩ ታላቋ «አንቺ ነገር ታበዣለሽ» ትላለች። አልዋሸችም፣ እሷን ማንም አልተከተላትም። ታናሿም አልዋሸችም። አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ልጆች በሁለት አገር እንደሚኖሩ ያህል ነው። ወላጅ «ልጆቼ ለእኔ እኩል ናቸው» ሲል ለራሱ እውነት ነው። ደጅ ላይ ያለው ጥበቃ ግን ያንን አልሰማም። ማሪያ ሩት የተባሉ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሠሩ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1990ዎቹ የክልስ ሰዎችን መብቶች ሲዘረዝሩ፣ ራስን ከወንድምና ከእህት በተለየ ስም የመጥራት መብትን ያስገቡት ለዚህ ነው።

ወላጅስ ምን ያድርግ? የልጁ ዓይነት ቆዳ የሌለው ወላጅ የማያውቀው ነገር መኖሩን ማመን አለበት። ከልጇ ጋር መንገድ ላይ ስትሄድ «ሞግዚቷ ነሽ?» የተባለች እናት ትንሽ ትቀምሰዋለች። ልጇ ግን ያለ እሷ ብቻዋን የምትወጣበት ቀን ይመጣል። የሃሪስ እናት ይህን ቀድመው አስበውበታል። ሕንዳዊት ሆነው ሳለ፣ የሚኖሩበት ኅብረተሰብ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ጥቁር አድርጎ እንደሚያይ ስላወቁ፣ ጥቁር መሆናቸውን በኩራት ተቀብለው እንዲያድጉ አደረጉ። ሕንድነታቸውንም አልነጠቋቸውም። ዘመድ ጥየቃ ሕንድ ድረስ ይወስዷቸው ነበር። ይህ ብልህነት ነው። ከተመልካች ጋር መከራከር ለልጅ ሸክም ነው። ተመልካቹ ምን እንደሚል ቀድሞ ማሳወቅ ግን ስንቅ ነው።

ሃይማኖት ግማሽ አይቀበልም

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። አየርላንድ፣ ፌዘርድ የምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር፣ 1957። አባት ካቶሊክ፣ እናት ፕሮቴስታንት። ሁለቱም ነጮች፣ ሁለቱም የዚያው መንደር ልጆች፣ ቋንቋቸውም አንድ። ሲጋቡ እናትየዋ ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ቃል ገብታለች። የዚያን ጊዜ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን ቃል ካልተቀበለች ጋብቻውን አትባርክም ነበር። ታላቋ ልጅ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ደረሰ። ቄሱ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ትገባለች አሉ። እናት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ጠፋች። የመንደሩ ካቶሊኮች ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻቸው ረድተዋታል ብለው ከሱቆቻቸው መግዛት አቆሙ። ለአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ሲባል መንደር ተከፈለ። ነገሩ ፓርላማ ደርሶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤመን ደ ቫሌራ አድማውን አወገዙ። እናትየዋ በመጨረሻ ተመለሰች። ልጆቹ ካቶሊክ ትምህርት ቤትም ፕሮቴስታንት ትምህርት ቤትም ሳይገቡ ቤታቸው ተማሩ። የአካባቢው ጳጳስ ይቅርታ የጠየቁት በ1998 ነው፣ ከ41 ዓመት በኋላ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ መልክ የለበትም። ባህልም ያው ነው። የተጋጨው እምነት ብቻ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ግማሽ ሕንድ፣ ግማሽ ጃማይካዊ መሆን ይቻላል። ደም አይጣላም። እምነት ግን አንዱን ስትቀበል ሌላውን የምትተውበት ነገር አለው። ኢየሱስን አምላክ ነው ብሎ እያመኑ ነቢይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ልጅ ይህን ሎጂክ ገና አያውቀውም፣ ክብደቱ ግን ይሰማዋል። አንደኛው አያት ስለ እሱ ነፍስ ሲጨነቅ ያያል። ሌላኛዋ አያት ስሙን ሰምታ ፊቷን ስታዞር ያያል።

ሃይማኖቶቹ ልጅ የማን ነው ለሚለው የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በአይሁድ ሕግ ልጅ እናቱን ይከተላል። አሜሪካ ያሉት ሪፎርም የሚባሉት ለዘብ ያለ ክፍል አይሁዶች ግን በ1983 አባቱ ብቻ አይሁዳዊ የሆነውንም፣ በእምነቱ እስካደገ ድረስ፣ ተቀበሉ። በእስልምና ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ሊያገባ ይችላል፣ ልጆቹም አባታቸውን ይከተላሉ። ሙስሊም ሴት ሙስሊም ያልሆነ እንድታገባ ግን የጥንቱ ፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ፣ አይፈቅድም። ቱኒዚያ ይህን የሚከለክለውን የ1973 መመሪያ የሻረችው በ2017 ነው። ክርስትና ደግሞ በውልደት አይወረስም፣ ጥምቀት ይጠይቃል። ካቶሊኮችም ከ1970 ወዲህ ቃሉን የሚጠይቁት የራሳቸውን አባል ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን እንዲያውቀው ይደረጋል እንጂ ራሱ ቃል አይገባም።

እነዚህን ደንቦች እርስ በርስ ብታገናኟቸው ጉድ ይወጣል። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ሙስሊም የሆነ ልጅ በሁለቱም ሕግ የእኛ ነው ይባላል። አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ክርስቲያን ሆና ያልተጠመቀ ልጅ ደግሞ በሁለቱም በኩል ስሙ የለም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እሱ ነው። የእስራኤል የመመለስ ሕግ በ1970 ሲሻሻል አንድ አያቱ አይሁዳዊ የሆነን ሰው ሁሉ ዜግነት እንዲያገኝ ፈቅዷል። ያው ሰው ግን አይሁድነቱ በእናቱ በኩል ካልሆነ በረቢዎቹ ዘንድ አይሁዳዊ ስለማይባል እዚያው አገር ውስጥ አይሁዳዊ ማግባት አይችልም። የሲቪል ጋብቻም እዚያ የለም። ሊባኖስም እንዲሁ የለም። ስለዚህ ከሁለቱም አገሮች ጥንዶች እየተነሡ ቆጵሮስ ሄደው ይጋባሉ። የሁለት ጠላት አገር ሙሽሮች አንድ የማዘጋጃ ቤት ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቁ ይታያችሁ።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። ብዙ ቅይጥ ጥንዶች «ሲያድግ ራሱ ይመርጣል» ይላሉ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ጠብም ያበርዳል። እኔ ግን ይህ አባባል ከሚያቃልለው ይልቅ የሚያዘገየው ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ልጅ ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። ሳምንቱ ይሞላል። አንዱ ወላጅ ማታ ማታ ይጸልይበታል፣ በበዓል ይዞት ይወጣል። ሌላው እኔ ጫና አልፈጥርም ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለው በተግባር ለቀቀ ማለት ነው። ፒው በ2016 ባወጣው ጥናት ከአምስት አሜሪካውያን አንዱ ያደገው እምነታቸው በተለያየ ወላጆች ቤት ነው። ልጆቹን በሃይማኖት የማሳደጉን ሥራ በብዛት የሠሩት እናቶች ናቸው። ካደጉ በኋላም ከአባታቸው ይልቅ የእናታቸውን እምነት የያዙት ይበዛሉ። ምክንያቱ ስብከት አይመስለኝም። ውሎ ነው።

ሁለተኛ፣ ምርጫው ሲዘገይ ይከብዳል። አራት ዓመት የሆነው ልጅ የትኛውም ቦታ ቢወሰድ አብሮ ይሄዳል። የ19 ዓመት ወጣት «ምረጥ» ሲባል ግን የሚሰማው ሌላ ነው። እናትህን ወይስ አባትህን? ስለ እግዚአብሔር የተጠየቀው ጥያቄ ስለ ወላጅ ፍቅር ይሆንበታል። ብዙዎች ለዚህ ነው ሁለቱንም ትተው የሚወጡት። አምነውበት የተዉ አሉ፣ እነሱን አልነካም። አንዱን ወላጅ ላለማስከፋት ብቻ ምንም ሳይሆኑ የቀሩ ግን ጥቂት አይደሉም።

በ2025 የክርስቲያኖች የፋሲካ ጾምና የሙስሊሞች ረመዳን አንድ ሰሞን ላይ ገጠሙ። ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር ሲታይ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ እንዲህ ያለው ነገር ጥቂት ዓመታት ተከታትሎ ይሆንና ለብዙ ዓመታት ይርቃል። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን የሆነች የ11 ዓመት ልጅ ያን ሰሞን ምን አየች? አባቷ ከንጋት እስከ ማታ ውኃ አይጠጣም። እናቷ ውኃ ትጠጣለች፣ ሥጋ ግን አትበላም። ልጅቷ ከሁለቱም ጋር ልትጾም ትፈልጋለች። ከአባቷ ጋር ስትጾም እናቷ ትንሽ ዝም ትላለች። ከእናቷ ጋር ስትሆን አባቷ «ጎበዝ» ይላታል፣ ድምፁ ግን ያስታውቃል። ማንም አልከለከላትም። ማንም አልተቆጣትም። ልጅ ግን ዝምታን ከቁጣ በላይ ያነባል። ወላጆቹ ቁጭ ብለው «በዚህ ቤት ረመዳን የአባትሽ ነው፣ የፋሲካ ጾም የእናትሽ ነው፣ አንቺ የየትኛውም ባለ ዕዳ አይደለሽም፣ መሞከር ከፈለግሽ ሁለታችንም አንከፋም» ቢሏት፣ ከዚያም ባይከፉ፣ ልጅቷ ትገላገላለች። ሁለተኛው ክፍል ነው የሚከብደው። አለመከፋቱ።

አንዱን እምነት መርጠው ልጆቻቸውን በዚያ ብቻ የሚያሳድጉም አሉ። ሌላው ወላጅ ከልቡ ከተስማማ ይሄ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ልጁ የሚቆምበት መሬት አለው። ችግሩ ለሠርጉ ሲባል ብቻ እሺ የተባለ እንደሆነ ነው። የፌዘርዷ እናት እሺ ብላ ነበር። እሺታዋ ያለቀው ልጇ ቦርሳ ስታነግት ነው።

ባህል የውሎ ጉዳይ ነው

ስለ ባህል አጭር ልበል። ከሦስቱ በጣም በቀላሉ የሚለመደው፣ በጣም በቀላሉም የሚጠፋው እሱ ነው። ቋንቋን እንውሰድ። ልጅ የሚናገረው ሰው የሚያናግረውን ቋንቋ ነው። አባት በቋንቋው የሚኮራ ቢሆንም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ካወራበት ልጁ ሰላምታና ስድብ ይዞ ይቀራል። በዚህ ላይ መልክ ይጨመርበታል። መልኳ አባቷን፣ አንደበቷ እናቷን የመሰለ ልጅ የአባቷ ዘመዶች ጋር ስትሄድ በአገሬው ቋንቋ ያናግሯታል። መልስ ታጣለች። «ይህቺ ደግሞ ኮርታ ነው» ትባላለች። የእናቷ ወገን ጋር ደግሞ ቋንቋውን አቀላጥፋ ስትናገር «ጎበዝ፣ የት ተማርሽው?» ይሏታል። አፍ የፈታችበትን ቋንቋ!

ባህል ውሎ ስለሆነ ሊነጠቅም ይችላል። ቤልጂየም ኮንጎን ስትገዛ ከነጭ አባትና ከኮንጎ እናት የተወለዱ ሕፃናትን ከእናታቸው እየወሰደች በሚሲዮኖች ታሳድግ ነበር። ስማቸው ተቀየረ፣ እናታቸው ራቀች፣ አባታቸው በአብዛኛው አላወቃቸውም። ነፃነት ሲመጣ ብዙዎቹን እዚያው ጥለዋቸው ሄዱ። የቤልጂየም ጠቅላይ ሚኒስትር ሻርል ሚሼል በ2019 ይቅርታ ጠየቁ። ታኅሣሥ 2024 ላይ የብራስልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ የተወሰዱ አምስት ሴቶች ባቀረቡት ክስ መንግሥቱን በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ተጠያቂ አድርጎ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዩሮ ካሳ ፈረደ። ያኔ ሴቶቹ ሰባዎቹን ዓመታት ይዘው ነበር። መልካቸው ምክንያት ሆነ፣ ሃይማኖት መሣሪያ ሆነ፣ የተወሰደባቸው ግን እናትና ቋንቋ ነው።

ከ«ምስኪኖቹ» ወደ «የነገ ተስፋ»

ስለ ክልስ ልጆች የሚነገረው ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። በ1928 ሮበርት ፓርክ፣ በ1937 ደግሞ ኤቨረት ስቶንክዊስት የተባሉ አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን በሁለት ባህል መካከል ያለ ሰው ዳር ላይ የቆመ፣ ውስጡ የተከፈለ ነው ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ይህን የክልሶች ተፈጥሮ አድርጎ ወሰደው። ያኔ ግን ሕጉ ራሱ ነው የሚከፍላቸው። የአሜሪካዋ ግዛት ቨርጂኒያ በ1924 ነጭ ከሌላ ዘር እንዳይጋባ ከለከለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነት ክልከላ የሻረው በ1967 ነው። የአላባማ ሕዝብ ደግሞ የሞተውን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት እስከ 2000 ቆየ። ወላጆቹ እስር ቤት ሊገቡ የሚችሉበትን ልጅ «ለምን ተጨነቀ?» ብሎ ማጥናት ትንሽ ያስቃል።

አሁን ደግሞ ወሬው ተገልብጧል። ሁላችንም ስንቀላቀል ዘረኝነት በራሱ ይጠፋል የሚል ነገር ይሰማል። ቁጥሩ ያበረታታል። በአሜሪካ ቆጠራ ከአንድ በላይ ዘር የመረጡት በ2000 ወደ 6.8 ሚሊዮን ነበሩ፣ በ2020 ደግሞ 33.8 ሚሊዮን ሆኑ። ብዙው ጭማሪ ግን የመጣው ጥያቄው ስለተቀየረና መልሱ የሚመዘገብበት መንገድ ስለተሻሻለ ነው። የቆጠራው ቢሮም ይህን አልደበቀም። መቀላቀል ብቻውን የሚፈታው ቢሆን ኖሮ ብራዚል ድሮ በገላገለችው። እዚያ በ2022 ቆጠራ 45.3 ከመቶው ሕዝብ ራሱን ቅይጥ ብሎ መዝግቧል፣ ከነጮቹም ይበልጣል። ገቢ፣ ትምህርት፣ በፖሊስ የሚገደለው ሰው ሲታይ ግን ቆዳ ዛሬም ይቆጠራል። ሕዝብ ሲቀላቀል ዓይን አይጠፋም። ይልቅ የቆዳን ቀለም ደረጃ በደረጃ መለየት ይማራል።

ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት ከሁለቱም ወሬ ይለያል። በዚያው የ2015 የፒው ጥናት 60 ከመቶው በዘራቸው ቅልቅል እንደሚኮሩ ተናግረዋል። 55 ከመቶው ደግሞ ስድብ ወይም ቀልድ እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። መኩራትና መሰደብ አንድ ሰው ላይ አብረው ያድራሉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ሁለት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ዘመድ ያለው ሰው ይህ ተረት ይገባዋል። ባላዎቹን ከልጁ በፊት የሚነቅሉት ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው እንጂ።

ሳይነሣ የሚቀረው ርዕስ

ቅይጥ ጥንዶች ስለ ሠርግ ይነጋገራሉ። ስለ ስም ይነጋገራሉ፤ ስም ደግሞ ቀላል አይደለም። ክርስቲያን የሆኑት ኦባማ መካከለኛ ስማቸው ሁሴን ስለሆነ ብቻ ለዓመታት ሙስሊም ነው ሲባሉ ኖረዋል። ስለ ሞት ግን ማንም አያነሣም።

ሩርሞንድ በምትባል የኔዘርላንድስ ከተማ የታወቀ መቃብር አለ። ባል ፕሮቴስታንት፣ ሚስት ካቶሊክ። በ1880ዎቹ ሲሞቱ የየሃይማኖቱ መካነ መቃብር በግንብ ስለተለያየ አንድ ላይ መቀበር አልቻሉም። ግንቡን ተጠግተው በወዲህና በወዲያ ተቀበሩ፣ ከግንቡ በላይም ሁለት የድንጋይ እጆች ተያያዙ። ሰው ፎቶ ሊያነሣው ይሄዳል። ያማረው ግን አስቀድሞ የተዘጋጀበት ስለሆነ ነው። ሚስትየዋ ባሏ ከሞተ በኋላ የቤተሰቧን መቃብር ትታ እዚያ መቀበር እንደምትፈልግ በግልጽ ተናግራ ነበር።

ካልተዘጋጀ የሚሆነው ሌላ ነው። አባት በድንገት ይሞታል። የእሱ ወገን ዛሬውኑ ካልተቀበረ ይላል። የእናት ወገን ዘመድ ይጠበቅ ይላል። ሁሉም ዞሮ የሚያየው ልጁን ነው፤ «አንተ ምን ትላለህ?»። ከዚያ ውርስ ይመጣል። በጥንቱ የእስልምና ሕግ፣ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ፣ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ አይወራረሱም። ይህ ሕግ በሚሠራበት አገር የእናቷን እምነት የመረጠች ልጅ ከአባቷ ንብረት በወራሽነት ድርሻ ላታገኝ ትችላለች። መውጫ ግን አለው። ያው ሕግ አባት በኑዛዜ እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ብዙ አባቶች ይህን አያውቁም፣ ያወቁትም ነገ እጽፈዋለሁ ይላሉ።

የሚጻፈው ነገር አንድ ገጽ አይሞላም። የት ልቀበር፣ ማን ይጸልይልኝ፣ ስንት ቀን ይጠበቅ፣ ለየትኛው ልጅ ምን ይሁን። የአገሩ ሕግ የሚጠይቀው ምስክር ፊት ተፈርሞ አንዱ ቅጂ ለዚህ ወገን፣ አንዱ ለዚያኛው ወገን ታላቅ ይሰጣል። ልጁ ስለ ምን እንደተጻፈ ቢያውቅ ይበቃዋል። እንዲፈርም ባይጠየቅ ይሻላል።